እትዬ ስንዱ ያወጡት ሕግ

እትዬ ስንዱ ናይሮቢ ላይ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ባልሄድኩ ይሻለኝ ነበር። ያንገበገበኝ መሞታቸው ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ቆይቶባቸው ነበርና ልባችን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ያንገበገበኝ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ የተነሣው ሰው ነው። ጋሽ ታምራት፣ የሕብረታችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እናታችን ስንዱ በመካከላችን እምነትን በቃል የመመስከርን ሥርዓት ያስጀመሩ፣ የሁላችን መምህር ነበሩ» አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እውነት ነው» አለች። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የምወቅሰው ሙት አይደለም፤ በሙት ላይ የሚያወራውን ነው። ሰውየውን «ጋሽ» እያልኩ የምጽፈውም አስተዳደጌ አልለቅ ብሎኝ እንጂ አክብሬያቸው አይደለም። ሥርዓቱን ያስጀመሩት እትዬ ስንዱ መሆናቸው እውነት ነው። በዚያ ሥርዓት ምን እንደተሠራ፣ እሳቸውም በምን ምክንያት እንደተባረሩ ግን አልተነበበም። እነሱ ካላነበቡት እኔ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። በሞያሌ በኩል የወጣን ሰዎች ናይሮቢ ተጠራቅመን፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በተከራየነው አዳራሽ እሁድ እሁድ በአማርኛ እናመልክ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት አለ። እኔ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ዕቃ አውራጅ ነበርኩ። ቅዳሜ የምሄደው መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሻይና ማንዳዚ የሚሉት የኬንያ ብስኩት ስለሚሰጥ ነው። በኋላ ግን ማንዳዚው ቢቀርም የምቀር አልሆንኩም።

መምህሯ እትዬ ስንዱ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያው ቡኒ ሹራብ። ኪዮንዶ የሚሉትን የኬንያ ቃጫ ዘንቢል በመጽሐፍ ሞልተው ከማታቱ፣ ከሚኒባሱ፣ ሲወርዱ ቲማቲም የገዙ ነበር የሚመስሉት። ሲናደዱ አይጮኹም፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ያናደደኝን ሰው ባላየው ይሻላል፣ መልኩን እጠላዋለሁ» ይሉ ነበር። እኔ መልኬ ስንት ጊዜ እንደተጠላ አላውቅም።

አዲስ አበባ ሳሉ የታሪክ መምህርት ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ እንግሊዝ አገር ተልከው ሌላው መንገድ ሥራና እርሻ ሲያጠና፣ እሳቸው የጥንት እንግሊዞች፣ አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት፣ እንዴት ክርስቲያን እንደሆኑ አጥንተው ተመለሱ። አብዮቱ ሲመጣ አንድ ካድሬ ክፍላቸው ገብቶ «ጓድ መምህርት፣ ይህ የመነኩሴ ተረት ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?» አላቸው። «ሰፊውን ሕዝብ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ መቆየት አልቻሉም።

እነዚያን እንግሊዞች እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወሩልን። አንድ የሰሜን ንጉሥ ነበር፤ ክርስትናን የተማረው ካየርላንድ መነኮሳት ነው። ሚስቱ ከደቡብ መጣች፤ የእሷ ካህናት የሮምን የቀን አቆጣጠር ይከተላሉ። ፋሲካቸው አልገጥም አለ። «ንጉሡ ፈስኮ ሥጋ ሲቆርጥ ንግሥቲቱ ገና ሆሳዕና ላይ ናት፣ ጾመኛ» ሲሉን አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ምክንያቱም በመካከላችን እሱ ጴንጤ፣ እሷ ኦርቶዶክስ የሆኑ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው በኬንያውያኑ ፋሲካ ዶሮ ሲያምረው ሚስትየዋ ሁዳዴዋን ይዛ ሽሮ ታቀርብለታለች። እትዬ ስንዱ እስክንጨርስ ጠበቁን። «ሳቁ፣ ሳቁ። በዚህ ነገር ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። የተረቱት መነኮሳት ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ለቀቁ። ሃይማኖት አንድ ሆኖ ሳለ በቀን ቆጠራ ተሰደዱ» አሉ። የሚስቅ ጠፋ። ስደት የሚለው ቃል ለኛ ታሪክ አልነበረም።

ከሁሉ የሚወዱት ግን የአንድ ሽማግሌ መነኩሴን ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ቅዳሴው በላቲን ነው። ገበሬው አይገባውም፤ ጉዱ ደግሞ ብዙው ቄስም አይገባውም። ይህ መነኩሴ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ ላቲን የማያውቅ ሰው ሁሉ፣ ቄስም ቢሆን፣ «አምናለሁ» የሚለውን የሃይማኖት መግለጫና አባታችን ሆይን በገዛ ቋንቋው በቃሉ እንዲይዝ ጳጳሱን መከረ። በዚያ አገር እነዚህን ሁለቱን የማያውቅ ሰው ለልጅ ክርስትና አባት ሆኖ መቆም አይፈቀድለትም ነበር። እትዬ ስንዱ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰበራል። «ያልገባህን አሜን አትበል። አሜን ፊርማ ነው» ይሉን ነበር። ይህችን አባባል ሰው ሁሉ ይዟት ነበር፤ ጋሽ ታምራትም ጭምር።

በዚያው ሰሞን ሕብረታችን ውስጥ ጥምቀት የወረፋ ነገር ሆኖ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ረጂዎች ስንት ሰው ተጠመቀ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚያኮራ መልስ ይፈልጋሉ። ሰው ምን እንዳመነ ሳይጠየቅ ውኃ ውስጥ ይገባል። እትዬ ስንዱ ተቃጠሉ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደው «በግ አይደለም የምትነክሩት፣ ሰው ነው» አሏቸው። ሕግም አቀረቡ፦ ከእንግዲህ ማንም ሰው ከመጠመቁ በፊት የሃይማኖት መግለጫውን በገዛ ቋንቋው፣ በቃሉ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይመስክር።

ሽማግሌዎቹ ሐሳቡን ወደዱት። እንዴት አይወዱት? ፈታኝ ሊሆኑ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ታምራት መድረክ ላይ ወጥተው ሕጉን አወጁ። «በቃሉ» አሉ፣ «በሽማግሌዎች ፊት» አሉ። «በገዛ ቋንቋው» የሚለውን ግን አላሉትም። እትዬ ስንዱ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አላስተዋሉትም። ደስ ብሏቸው ነበር። ያችን ዝንጋታ በኋላ ለራሳቸው ይቅር አላሏትም።

ጫልቱ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቦረና ልጅ ነች፤ ባሏ በጦርነቱ የቀረባት፣ ዌስትላንድስ ውስጥ ባንድ ያበሻ ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብ። አማርኛዋ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ «አምጪ»ን፣ «ውሰጂ»ን፣ «ፍጠኚ»ን ታውቃለች፤ ከኬንያውያኑ ጋር በስዋሂሊ ትግባባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ኦሮምኛ ስለሚችል የእትዬ ስንዱን ትምህርት ባጭር ባጭሩ ይነግራታል።

አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ እትዬ ስንዱን እጃቸውን ያዘቻቸው። «ማማ ስንዱ፣ እኔ ሆድ ውስጥ እጢ አለ። ዶክተር ይቆርጣል። እኔ ሞት ፈራሁ አይደለም። ሳልጠመቅ ሞት ነው የፈራሁ።»

«መቼ ነው ቀዶ ጥገናው?»

«ወር ሲያልቅ።»

«እንግዲህ እናጥና» አሉ እትዬ ስንዱ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳም። እንግሊዝ አገር የተማሩት ሴትዮ ከጫልቱ ጎን ተቀምጠው ኦሮምኛ ይማራሉ። ተማሪው መግለጫውን በኦሮምኛ መስመር በመስመር ይላል፤ ጫልቱም እትዬ ስንዱም ይደግማሉ። «ነን አመና» ማለት አምናለሁ ማለት ነው፤ እሷን እኔም ያዝኳት። ጫልቱ ቶሎ ያዘች። እትዬ ስንዱ ምላሳቸው እየተሳሰረ ጫልቱን ያስቋታል፤ እጇን ሆዷ ላይ ይዛ «ታሳምሚኛለሽ ማማ» ትላለች።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ ጋሽ ታምራት መካከል ናቸው። ተፈታኞች አንድ በአንድ እየተነሡ በአማርኛ አሉት። አንዳንዱ ይንተባተባል፤ አንዱማ መካከሉን ዘሎ ጨረሰ፤ አለፈ። ጫልቱ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፍና በኦሮምኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ አለችው። ስትጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

«በአማርኛ በይው» አሉ ጋሽ ታምራት።

ጫልቱ እትዬ ስንዱን አየች። «አማርኛ እኔ ትንሽ ነው። ልብ ውስጥ ያለው በኦሮምኛ ነው።»

«እህቴ፣ ምን እንዳልሽ እኛ አናውቅም። ብትሰድቢንስ በምን እናውቃለን?» ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈገግ አሉ።

እትዬ ስንዱ ተነሡ። «ሕጉ በገዛ ቋንቋው ነው የሚለው።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያልገባህን አሜን አትበል የሚሉን? እንግዲህ ለኛ አልገባንም። ባልገባን ነገር አሜን አንልም» አሉ ጋሽ ታምራት። የሴትዮዋን ቃል በሴትዮዋ ላይ መወርወራቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ነበር የሚታየው።

«የሚተረጉም ልጅ አለ፤ እዚህ ተቀምጧል።»

«ነገሩ እሱ ብቻ አይደለም። ዛሬ በኦሮምኛ፣ ነገ በትግርኛ፣ ከነገ ወዲያ በወላይትኛ፤ ሕብረቱ የብሔር ድርጅት ይሆናል። ኤምባሲው ጆሮ እንዳለው ያውቃሉ። ደግሞም "ዋቃ" ስትል ሰምቻለሁ። ያ የአረማውያን አምላክ ስም ነው።»

እትዬ ስንዱ መነጽራቸውን አወለቁ። «"ጎድ" የሚለውንስ ቃል እንግሊዞቹ ከየት ያመጡት ይመስልዎታል? ከመጠመቃቸው በፊት በአረማዊነታቸው ይሉት የነበረ ቃል ነው። ሲጠመቁ ቃሉ አብሯቸው ተጠመቀ። እርስዎ በየእሁዱ በእንግሊዝኛ "ጎድ፣ ጎድ" እያሉ እጅዎን ዘርግተው ይዘምራሉ። የፈረንጁ አረማዊ ቃል ሲቀደስ የቦረናዋ ምን አድርጋ ነው የሚረክሰው? መጽሐፍ ቅዱሱ በኦሮምኛ ከተተረጎመ ስንት ዘመኑ ነው! አባቶቻችሁ ያነበቡትን እናንተ ትጠሉታላችሁ?»

ጋሽ ታምራት ከወንበራቸው ሳይነሡ «ለሚቀጥለው ዙር አማርኛ አጥንታ ትምጣ» አሉ።

የሚቀጥለው ዙር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነበር። ይህን ያውቃሉ፤ ተነግሯቸዋል። ስም ጠርተው የሚቀጥለውን ተፈታኝ አስነሡ።

ሰው ሞት ደጁ ቆሞ አጥምቁኝ ሲል «ቋንቋ አጥንተህ ና» የሚል ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? እትዬ ስንዱ የተናደዱት ግን በሽማግሌዎቹ ብቻ አልነበረም። ማታቱ እየጠበቅን «ያን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው የሚያምነው እንዲገባው ብዬ ነበር። እነሱ በር መዝጊያ አደረጉት» አሉኝ። ላጽናናቸው ብዬ «እርስዎ ምን ያድርጉ» ስላቸው፣ «ዝም በል። የሚደረግ ነገር አለ» አሉኝ።

በማግስቱ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጫልቱ ክፍል ሄድን። ኢምባካሲ፣ ከእኔ ሰፈር ብዙ የማይርቅ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሰኞ ሆስፒታል ልትገባ ልብሷን በፌስታል አዘጋጅታለች። እትዬ ስንዱ ከኬንያዊት ጎረቤቷ ካራይ የሚሉትን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተውሰው ከግቢው ቧንቧ ውኃ ሞሉ። በዚያ በጥንቱ ዘመን ሰው ሊሞት ሲል ካህን ከሌለ ማንም ምእመን እንዲያጠምቅ ተፈቅዶ ነበር፤ ተፈቅዶ ብቻ አይደለም፣ ታዝዞ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ አስተምረውናል።

«ካህን ግን አለ እኮ እትዬ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ» አልኳቸው፤ ፈርቼ ነበር።

«አሉ? እስቲ አሳየኝ» አሉ እጃቸውን በክፍሉ ዙሪያ እያዞሩ። ከአልጋው፣ ከፌስታሉ፣ ከሳፋውና ከሦስታችን በቀር ምንም አልነበረም።

ጫልቱ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው፤ «ነን አመና» ስትል ድምፅዋ ከትላንቱ ይበልጥ ይሰማ ነበር። እትዬ ስንዱ በእጃቸው ውኃ እየዘገኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቋት። ጸጉሯ እየተንጠባጠበ ቀና ስትል ትስቅ ነበር። «አሁን ይቁረጥ» አለች።

ከቀዶ ጥገናው አልተነሣችም።

ሕብረቱ እንደ ሕብረት ቀብሯ ላይ አልተገኘም፤ «አባል አይደለችም» ተባለ። ለማንኛችንም ዘማሪ የሚላከው፣ መኪና የሚለመነው፣ ድንኳን የሚተከለው ለጫልቱ ቀረ። መቃብሯ ላይ የዘመሩላት አብረዋት ሳህን የሚያጥቡት ኬንያውያን ሴቶች ናቸው፤ በስዋሂሊ። አንዷ የወጥ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የመጣችው። እኛ አበሾቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን።

የሳፋው ነገር ሽማግሌዎቹ ጆሮ ደረሰ። እትዬ ስንዱ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ መደበቅ አያውቁም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ሳይበተን ጋሽ ታምራት ወደ ፊት ጠሯቸው። ሴት አጥምቃለች፣ በሳፋ ተጠመቀ፣ ሽማግሌ ያልፈቀደው ሆነ፤ የማይባል አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩን አለሳለሱት፦ «እኛ መምህራችንን ማጣት አንፈልግም። ያ የተደረገው ጥምቀት አይደለም ብለው በጉባኤው ፊት ይናገሩ። ከዚያ የሃይማኖት መግለጫውን ይበሉልን፤ አንድ መሆናችን ይታወቃል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል።»

ትምህርቱ ለእትዬ ስንዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ አገር የላቸው። ያላቸው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር።

«የመጀመሪያውን አልናገርም። ተጠምቃለች» አሉ። «መግለጫውን ግን እላለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ጉባኤው መልሰው ጀመሩ። በኦሮምኛ። ያ ያዲስ አበባ ምላሳቸው እየተጋጨ፣ እየተደናቀፈ፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየሞከሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊያስቆማቸው ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ስለ ፈጣሪው አሉ፣ ስለ ልጁ አሉ፣ ከድንግል መወለዱን፣ በጲላጦስ ዘመን መሰቀሉን፣ መሞቱን፣ መቀበሩን አሉ። መቀበሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አይመጣም። የሚያስጠናቸው ልጅ በዚያ ሳምንት ወደ ስደተኞች መጠለያ ሄዶ ነበር። እኔ ከ«ነን አመና» ሌላ የማውቀው የለም። ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። እዚያ መቃብሩ ላይ ቆመው የሚቀሩ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ወንበር፣ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚቀጥለውን መስመር አለ። በኦሮምኛ፣ ያለ ምንም መደናቀፍ፣ ሕፃን ሆኖ በእናቱ ጎን የተማረ ሰው እንደሚለው። በሦስተኛው ቀን መነሣቱን የሚናገረው መስመር ነው።

ጋሽ ታምራት ነበሩ። እዚህ ከመጡ ጀምሮ «ያዲስ አበባ ልጅ ነኝ» የሚሉን ጋሽ ታምራት። አስበው የተናገሩት አይመስለኝም፤ አምልጧቸው ነው። ፊታቸው ደም መሰለ።

እትዬ ስንዱ መስመሩን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አሉት፤ አሜን አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ታምራት ዞሩ። መነጽራቸውን አላወለቁም። ደህና አድርገው አይተዋቸው፣

«እንግዲያው ይንገሩኝ» አሏቸው፤ «ጫልቱ የቷ ላይ ነው የተሳሳተችው?»

ጋሽ ታምራት አቀረቀሩ። ከእትዬ ስንዱ ጎን ሊቆም የተነሣ ከኛ አንድም አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለትምህርት ስንሄድ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘነው።